የሆለታ ዕጩ መኰንኖችና ከባሕር ማዶ የተመለሱት

«ጥቁር አንበሳ» ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ሆስፒታሉ ነው። የሕክምና ተማሪ ጓደኞቻችን ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው የሚገቡበትና የሚወጡበት፣ የታክሲ ረዳት ቀኑን ሙሉ ስሙን ሲጠራው የሚውለው ትልቅ ሕንጻ ነው። ሆስፒታሉ ግን ይህን ስም ያገኘው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት በልዑል መኰንን ስም ይጠራ ነበር። ስሙ ራሱ ከሕንጻው በብዙ ይቀድማል። በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ኮርሳቸውን ሳይጨርሱ የወጡ ዕጩ መኰንኖችና ከባሕር ማዶ ተምረው የተመለሱ ወጣቶች በወለጋ ተገናኝተው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙንም ጥቁር አንበሳ አሉት። እንግዲህ ስሙ መጀመሪያ የተማሪዎች ስም ነበረ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ተማሪ ትምህርቱን ወደ ማገባደዱ ሲቃረብ ከተለመደው የመምህርነትና የቢሮ ሥራ ሌላ ሁለት ልዩ መንገዶች ይታዩታል፤ አንዱ የውጭ አገር ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው የመኰንንነት ኮርስ ነው። በመካከላችን ስናወራ ሁለቱን እንደ ሰማይና ምድር እናራርቃቸዋለን። ውጭ የሚሄደው «ጭንቅላት ያለው» ይባላል። ካዴት የሚገባው ደግሞ «ሌላ ያጣ» ይባላል። ወታደሩም በበኩሉ የተማረውን «ወሬኛ» ሲል ይሰማል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ ይኸው ነው፦ በአገራችን ታሪክ እነዚህ ሁለት መንገዶች አንድ ጊዜ በአንድ ማኅበር ውስጥ ተገናኝተዋል። በተገናኙበት በዚያ አጭር ጊዜም ጠመንጃ ለፖለቲካ እንዲታዘዝ የሚያዝ ደንብ ጽፈዋል። የጻፉት ሰዎች ተጨፈጨፉ። ከእነሱ በኋላ ሁለቱ መንገዶች ተለያዩ፤ ደንቡም ተረሳ። መርሳታችን ያስከፈለን ዋጋ ቀላል አልነበረም።

ከመነሻው እንጀምር። ተማሪ ወደ ውጭ መላክ የመንግሥት ሥራ የሆነው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዐድዋ ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ሦስት ወጣቶችን ወደ አገሩ ይዞ ሄደ፤ ጉግሣ ዳርጌ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና ኪታው ዘአማኑኤል ነበሩ። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድሉ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሚባሉ ብላቴና ወደ ሩሲያ ተሻገሩ። እዚያም አድገው የመድፈኛ መኰንንነት ትምህርት ተማሩ። እኒህ ሰው ለነገራችን ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የውጭ አገር ተማሪም የጦር ተማሪም ነበሩ። አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ግን ስማቸው የተነሣው በመድፍ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው፤ ኢጣሊያ በወረረችን ጊዜም ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው ተሟግተዋል። ላኪው መድፍ ተኳሽ ፈልጎ ነበር፤ የተመለሰለት ሕግ ጸሐፊ ነው።

ይህ ነገር በኋላም ይደጋገማል። መንግሥት ተማሪ ሲልክ የሚፈልገውን ዕቃ ዘርዝሮ እንደሚያዝ ነጋዴ ነው፦ ይህን ያህል ሐኪም፣ ይህን ያህል መሐንዲስ፣ ይህን ያህል መኰንን። ተማሪ ግን ዕቃ አይደለም። የታዘዘውን ሙያ ተምሮ ይመጣል፤ ያልታዘዘውንም ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈቱ። አልጋ ወራሽ ተፈሪም ከእነዚህና ከሚሲዮን ትምህርት ቤቶች የወጡ ልጆችን ወደ ግብፅ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ መላክ ያዙ። መላኩ በያን ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ኦሃዮ ወደሚገኘው መስኪንገም ኮሌጅ የገቡት በዚህ ዘመን ነው፤ በኋላ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረዋል። ክፍሌ ነሲቡ በፈረንሳይ ዕውቅ የጦር ትምህርት ቤት በሳን ሲር ሠለጠኑ። ይልማ ደሬሳ ለንደን ላይ ኢኮኖሚክስ፣ ዓለመወርቅ በየነ እዚያው እንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና አጠኑ። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች ብንያምና ዮሴፍም በእንግሊዝ ነው የተማሩት። ሴቶችም አልቀሩም፤ ስንዱ ገብሩ ስዊትዘርላንድ ተልከው ተምረዋል። መቼም ቁጥራቸው እፍኝ የማይሞላ ነበር። ነገር ግን ትምህርት ቤት ብርቅ በነበረበት አገር እፍኝም እፍኝ ነው።

የመኰንንነቱ ትምህርት የመጣው ዘግይቶ ነው። የክብር ዘበኛን ያሠለጥኑ የነበሩት ቤልጂጎች ናቸው። እውነተኛ የመኰንኖች ትምህርት ቤት ግን የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ሆለታ ገነት ላይ ነው። አስተማሪዎቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ አምስት የስዊድን መኰንኖች ነበሩ፤ ተማሪዎቹም ከአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች የተመረጡ ልጆች ነበሩ። ልብ እንበል፦ ወደ ሳን ሲር የሄደውና ሆለታ የገባው በአንድ ደወል የተነሡ፣ አንድ ዐይነት መጽሐፍ ያነበቡ፣ አብረው ኳስ የተጫወቱ ልጆች ናቸው። በመካከላቸው የንቀት ግንብ ገና አልተገነባም። ታሪኩን የተለየ ያደረገው ይህ ይመስለናል።

ጊዜ ግን አልበቃቸውም። ትምህርት ቤቱ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ መረብን ተሻገረች። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከተሸነፈ በኋላ፣ ኮርሳቸውን ያልጨረሱት የሆለታ ልጆች ጣርማ በርን እንዲከላከሉ ታዘዙ። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ገደሉን ይዞ የሚያልፍበት በር ነው። የጦሩ አዛዥ የሳን ሲሩ ክፍሌ ነሲቡ ነበሩ፤ ከእሳቸው ጋር ከተሰለፉት መካከል በላይ ኃይለአብ ይገኙባቸዋል። በታንክ፣ በካሚዮንና በአውሮፕላን የሚመጣን ጦር እንዲህ ባለ ኃይል ማቆም የማይቻል ነበር፤ አልተቻለምም። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት ከተማው ገባ።

ታዲያ የቀሩት ምን አደረጉ? ወደ ምዕራብ ሄዱ። የሆለታ ልጆችም ከአውሮፓ የተመለሱትም ነቀምቴ ላይ ተገናኙ፤ ጥቁር አንበሳንም መሠረቱ። ሊቀ መንበራቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ሆኑ። ይህ ምርጫ ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። በመካከላቸው ከሳን ሲር የተመለሰ፣ ከሆለታ የወጣ መኰንን ሞልቶ ሳለ፣ በጦርነት መካከል፣ የበላይነቱን ለሐኪም ሰጡት።

ከዚያም ዐሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ጻፉ። ዋናው ነጥቡ የፖለቲካው አመራር ከወታደራዊው በላይ እንዲሆን ነው፤ ተኳሹ ራሱን አያዝም ማለት ነው። የተማረከ ጠላት በሰብአዊነት እንዲያዝ ይደነግጋል። አገር ጥሎ መሰደድን ለአባላቱ ይከለክላል። ለንጉሠ ነገሥቱም ታማኝነትን ያረጋግጣል። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ላይ፣ ታማኞቻቸው ስደትን በሚከለክል ደንብ ሥር! ይህን ቅራኔ እነሱም ሳያውቁት የቀረ አይመስለንም። ለንጉሡ ያላቸውን ክብር ሳይነኩ ለራሳቸው ግን ከንጉሡ የከበደ ሕግ አወጡ። በዘመኑ አንድ የጦር አለቃ ሕጉ የራሱ ቃል፣ ደመወዙ የአካባቢው ገበሬ ጎተራ በሆነበት ጊዜ፣ የታጠቀ ማኅበር በጽሑፍ ራሱን ሲያስር ማየት አዲስ ነገር ነበር።

ማኅበሩ በወረቀት ብቻ አልቀረም። በሰኔ 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ አረፉ። ዓላማቸው የወለጋን ባላባቶች በስብከት ማስገባት ነበር። የጥቁር አንበሳ ሰዎች በሌሊት ደርሰው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ። ከሞቱት መካከል ጄኔራል ቪንቼንሶ ማልዮኮ ይገኝበታል። ከሰማይ ቦምብና መርዝ ሲያዘንብ የከረመ አየር ኃይል፣ መሬት ላይ በተማሪዎች እጅ ጄኔራሉን አጣ።

ሆኖም ታሪክ ስንጽፍ ያማረውን ብቻ መርጠን አንጽፍም። ጥቁር አንበሳ ተሸነፈ፤ የተሸነፈውም በመሣሪያ ማነስ ብቻ አይደለም። ከነቀምቴ ወደ ደቡብ ወርደው በጎሬ ከነበሩት ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተቀላቀሉ። በዚያ ጉዞ ያጋጠማቸው ጠላት ግን ኢጣሊያ ብቻ አልነበረም። የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ገበሬ ለብዙ ዘመን በነፍጠኛ ሥርዓት የተማረረ ነበር። የማእከላዊው መንግሥት ጦር በመጣ ቁጥር እህሉን እየበላ፣ ከብቱን እየነዳ ሲሄድ ነው የሚያውቀው። አሁን ጫካ የገቡት ልጆች ሕግ የጻፉ፣ ምርኮኛ የሚያከብሩ መሆናቸውን ማን ነግሮት? እነሱስ በየትኛው ቋንቋ ያስረዱት? ፈረንሳይኛ ይችላሉ፤ እንግሊዝኛ ይችላሉ። ሳን ሲርም ሆለታም የገዛ አገራቸውን ገበሬ አላስተማሯቸውም። ስለዚህ ከፊት ኢጣሊያ ሲጫናቸው ከኋላ የሚያስጠጋቸው አጡ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበቡ፤ ራስ እምሩም እጃቸውን ሰጡ። አብዛኞቹ የጥቁር አንበሳ ሰዎችም ከእሳቸው ጋር ተያዙ።

ከሁለት ወር በኋላ የካቲት 12 ሆነ። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው ጭፍጨፋ በየዓመቱ ስድስት ኪሎ ባለው ሐውልት ሥር ይታሰባል። ብዙ ጊዜ የማናስታውሰው፣ ከዚያ በኋላ ጠላት የተማሩትን ለይቶ ማደኑን ነው። እጅ የሰጡት ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለአብ ተረሸኑ። ብንያምና ዮሴፍ ወርቅነህ ተረሸኑ። የሆለታ ልጆች በየተያዙበት ተገደሉ። ከሞት የተረፉት ተግዘው ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱ፤ ራስ እምሩና ይልማ ደሬሳ ከእነዚህ ናቸው። ስንዱ ገብሩም ወደ ምዕራብ ወርደው ቁስለኞች ሲረዱ ቆይተው ተይዘው ተግዘዋል፤ ከነጻነት በኋላ በ1950 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆነዋል። መላኩ በያን ከኦጋዴን ግንባር በኋላ ወደ አሜሪካ ተልከው በ1929 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን መሠረቱ፤ ነጻነትን ሳያዩ በ1932 ዓ.ም. ዐረፉ። ባጭሩ፣ በአርባ ዓመት ልፋት የተሰበሰበው እፍኝ ዘር በአንድ ዓመት ተበተነ።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ መንግሥት እንደገና ከሀ መጀመር ነበረበት። ጀመረም። ተማሪዎችን በብዛት ወደ እንግሊዝ፣ ወደ አሜሪካና ወደ ካናዳ ላከ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። ሆለታ እንደገና ተከፈተ፤ በሐረርም በ1950 ዓ.ም. በሕንድ መኰንኖች የሚመራ የጦር አካዳሚ ሥራ ጀመረ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣቶች ሦስት ዓመት ይሠለጥኑበት ነበር። ከበፊቱ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነው፤ የሚያስመሰግንም ነው። ነገር ግን አሁን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ አጥር ነበረው። ሐረርና ሆለታ እርስ በርሳቸው እንኳ ይናናቁ ነበር። ካዴቱ ለአንድ ሰው ታማኝ እንዲሆን ይማል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው መጽሐፉን ይዞ እንዲቀመጥ ይነገረዋል። ሁለቱን ያገናኘ አንድ ማኅበር፣ አንድ ደንብ፣ አንድ የክርክር መድረክ አልነበረም።

የዚህ መለያየት የመጀመሪያው ፍሬ የታየው ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። መፈንቅለ መንግሥቱን የመሩት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ታናሽዬው ገርማሜ ነዋይ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩ፣ በኋላ በወላይታና በጅጅጋ አስተዳዳሪ የነበሩ ናቸው። ታላቅዬው ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ በስደት ዘመን ካርቱም አጠገብ ሶባ በተከፈተው የመኰንኖች ማሠልጠኛ ሠልጥነው የክብር ዘበኛ አዛዥ የሆኑ ናቸው። ላይ ላዩን ሲታይ የጥቁር አንበሳ ነገር ተመልሶ የመጣ ይመስላል፤ ውጭ የተማረና መኰንን በአንድ ቤት! ግን በደም ወንድማማችነት እንጂ በማኅበር አልተገናኙም። ጦሩ ዓላማውን አያውቅም፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ታኅሣሥ 6 ቀን ደግፈው ሰልፍ የወጡት ነገሩ ከተጀመረ በኋላ ነው። ነገሩ ሲከሽፍም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የታገቱት መሳፍንትና ባለሥልጣናት ተረሸኑ። ከሞቱት አንዱ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ የሆለታ ዕጩ መኰንኖች አንዱ እኒሁ ሰው ናቸው። ምርኮኛ ይከበር ብሎ ከጻፈው ትውልድ የተረፈ ሰው፣ ታግቶ በተያዘበት ተገደለ። በዓመቱ ያ ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ፤ ስድስት ኪሎ ብለን የምንጠራው ግቢ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ተማሪው የራሱን መንገድ ያዘ። ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቱ ነጻ የትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከታንጋኒካ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎች አገሮች የመጡ አፍሪካውያን ተማሪዎች የነጻነት ትግልን ወሬ ይዘው ገብተው ነበር። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ተባለ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ አገልግሎት ተጀመረ፤ ተማሪው ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ያስተምር ጀመር። የጥቁር አንበሳ ልጆች ጎጀብ ላይ ያጡት ትምህርት፣ ማለት ገበሬውን በአካል ማወቅ፣ የተገኘው በዚህ ነው። በውጭ የነበሩትም አልተኙም፤ መኢሶን በ1960 ዓ.ም. ሐምቡርግ ላይ፣ ኢሕአፓ በ1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ ተመሠረቱ። መንግሥት ሐኪምና መሐንዲስ እንዲሆኑ የላካቸው ልጆች ፓርቲ ይዘው መጡ።

ካዴቱ ግን በእነዚህ ክርክሮች ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ በ1966 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲንገዳገድ አንደኛው ወገን ሐሳብ ይዞ ጠመንጃ አልነበረውም፤ ሁለተኛው ጠመንጃ ይዞ ሐሳቡን ከተማሪው ተዋሰ። ደርግ ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ተቋቋመ። በኋላ ሊቀ መንበር የሆነው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሆለታ ምሩቅ ነው። ያው ሆለታ! ተማሪው «ሕዝባዊ መንግሥት» ሲል ወታደሩ «ቆይ» አለ። በ1967 ዓ.ም. ተማሪው በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላከ። ከዚያ በኋላ የመጣውን የ1969ና የ1970 ቀይ ሽብር ማንም ቤት አያጣውም፤ እዚህ መዘርዘር አያስፈልገንም። ተማሪውም በበኩሉ በራሱ ፓርቲዎች መካከል ተከፋፍሎ ተገዳደለ። በነቀምቴ የተጻፈው ደንብ፣ ፖለቲካ ከጠመንጃ በላይ ነው የሚለው፣ ተገልብጦ ተነበበ።

አንድ ሰው «ደንቡ ቢታወስ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እንዲህ ብሎ መደምደም የታሪክ ሥራ አይደለም። የረሃብ፣ የመሬትና የብሔረሰብ ጥያቄ በዐሥር አንቀጽ አይፈታም። የጥቁር አንበሳ ማኅበርም የቆየው ለወራት ብቻ ነው፤ ሥልጣን ይዞ አልተፈተነም። ነገር ግን አንድ ነገር በእርግጥ ማለት እንችላለን። ከሆለታ የወጣውና ከለንደን የተመለሰው አብረው ተቀምጠው ሲመክሩ የጻፉትን ደንብ፣ ተለያይተው ከኖሩ በኋላ ከሁለቱ አንዱም ብቻውን ሊጽፈው አልቻለም።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ከእኛ መካከል ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ስሙን ለውጭ ትምህርት የሚያስመዘግብ አለ፤ ካዴት የሚገባም አለ። ሁለቱም ደግ ነው። አገር ሐኪምም መኰንንም ይፈልጋል። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳንሆን ግን ከመፈረማችን በፊት መጠየቅ ያለብን ጥያቄ አለ፦ የሚልከን ማነው? የሚፈልገውስ ምንድን ነው? ስንመለስስ ለማን ነው የምንታዘዘው? ውጭ የሚሄደው ቢያንስ አንድ ካዴት ወዳጅ ይኑረው፤ ካዴት የሚገባውም ከዚህ ግቢ ጋር ደብዳቤ መጻጻፉን አይተው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ክፍሌ ነሲቡና ዓለመወርቅ በየነ ነቀምቴ ላይ ሲገናኙ ግን መተዋወቂያ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ደንቡን በወራት ውስጥ ጽፈው ሊዋጉበት የቻሉት አስቀድሞ የሚተዋወቁ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ የሚያውቅ ልጆች ስለነበሩ ነው።